ለሞላ ሰውነት የሚሸጡ የቤሊ ዳንስ ልብሶች፦ አራት ዓይነቶች ተገልብጠው ሲታዩ

በትልቅ ልክ የሚሸጥ የቤሊ ዳንስ ልብስ ሁሉ ለሞላ ሰውነት ታስቦ የተቆረጠ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ለቀጭን ሴት የወጣውን ቅድ ዙሪያውን ማስፋት ብቻ ነው። ጨርቁ ይሰፋል፤ ጨርቁ ሲሰፋ ዶቃው ይበዛል፤ ዶቃው ሲበዛ ክብደቱ ይጨምራል። ማንገቻው ግን ያው የ1 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ነው፣ የጀርባ ማሰሪያውም ከሁለት ጣት አይሰፋም፣ መንጠቆውም አንድ ፍሬ ነው። ልብሱ መድረክ ላይ የሚከዳው በዚህ የተነሳ እንጂ የለበሰችው ሴት ስለሞላች አይደለም። ስለዚህ እዚህ የቀረቡት አራት ዓይነት ልብሶች የተመዘኑት በፊታቸው ድምቀት ሳይሆን ተገልብጠው ከውስጥ በሚታየው ሥራ ነው።

በጣም የሚፈለገውም፣ በጣም የሚያስቸግረውም በድላ ነው። ቃሉ በአረብኛ ሙሉ ልብስ እንደማለት ሲሆን፣ በዶቃ የተሠራ ጡት መያዣ፣ ዳሌ ላይ የሚታሰር ቀበቶና ረጅም ጉርድ አንድ ላይ ይጠሩበታል። የግብፅ ዳንሰኞቹ እነ ሳሚያ ጋማልና ታሂያ ካሪዮካ በባዲአ ማሳብኒ የካይሮ የምሽት ክበብ መድረክ ስማቸው የገነነው በዚህ አለባበስ ነው፤ እስከ ዛሬም ቤሊ ዳንስ ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው እሱ ነው።

የበድላን ጥራት ለማወቅ መጀመሪያ ጡት መያዣውን ገልብጪው። የካፑን፣ ማለትም ጡቱ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ክፍል፣ ጉልላት በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። ወደ ውስጥ ገብቶ እዚያው ከቀረ ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ዶቃ የመሸከም አቅም የለውም። ጥሩው ካፕ ሲጫኑት እምቢ ይላል፣ ሲለቁትም ቅርጹን ይመልሳል፤ በስፖንጁና በላይኛው ጨርቅ መካከል ጠንካራ፣ የማይለጠጥ ጨርቅ ገብቶበታል ማለት ነው። ቀጥሎ ስፌቱን እይ። ዶቃው የተሰፋበት ክር ከውስጥ ራቁቱን ከታየ ደረትሽን ይፍቃል፣ ላብም ክሩን ቶሎ ያበሰብሰዋል። ክሩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የጥጥ ገበር ሊኖረው ይገባል።

የልክ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ብዙ ሻጮች ካፕ የሚያቀርቡት እስከ ዲ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ጡት ያላትን ሴት ‹‹ሰፋ ያለውን ውሰጂ›› ይሏታል። ሰፋ የሚለው ግን የጀርባ ዙሪያው ነው። የካፕ ፊደል ብቻውን መጠን አይናገርም፦ የ42 ዲ ካፕ ከ38 ዲ ካፕ በብዙ ይበልጣል፣ የ38 ዲዲ ካፕ ደግሞ ከ40 ዲ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ካፕ ፍለጋ ዙሪያ የጨመረች ሴት ጡቷ ቦታ ያገኛል፤ ማሰሪያው ግን ጀርባዋ ላይ ይላላል። ሲላላ ክብደቱን የሚሸከምለት አጥቶ በሙሉ ወደ ማንገቻው ይሄዳል፣ ከማንገቻውም ወደ ትከሻና ወደ አንገት። ከአንድ ሰዓት ልምምድ በኋላ የሚመጣው የማጅራት ሕመም መነሻው ይኸው ነው።

በመስታወት ፊት ምልክቶቹ አይሳሳቱም። በሁለቱ ካፖች መካከል ያለው ድልድይ ደረት አጥንት ላይ ካልተኛ ካፑ ጠቧል። ማሰሪያው ከኋላ ወደ ትከሻ ከወጣ ዙሪያው ሰፍቷል። ሥጋ በብብት በኩል ከፈሰሰ የካፑ ክንፍ አጥሯል፤ ይሄ የሚስተካከለው በመጎተት ሳይሆን በጎን በኩል ጨርቅ በመጨመር ነው። የካፑ የላይ ጠርዝ ከደረት ከተላቀቀ ደግሞ ጠርዙን ከውስጥ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር አጥፎ መስፋት ይበቃል፤ በዶቃው ላይ ሳይሆን በዶቃዎቹ መካከል በእጅ መርፌ።

ጡት መያዣው ካፑ ልክ ሆኖ ማሰሪያው ደካማ ከሆነ ግዢው የከሸፈ አይደለም። ማሰሪያና ማንገቻ ይቀየራል፤ ብዙ ልምድ ያላቸው ዳንሰኞችም አዲስ ልብስ ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውጪው። ላስቲክ ለዕለት ልብስ ጥሩ ነው፤ ዶቃ ለተሸከመ ጡት መያዣ ግን በእያንዳንዱ ሺሚ (ዳሌን ወይም ትከሻን በፍጥነት ማርገብገብ) እየተለጠጠ እየተመለሰ ጡቱን ከሙዚቃው በተለየ ምት ያስነሳዋል። በምትኩ ከማይለጠጥ ጠንካራ ጨርቅ ሁለት ድርብ ማሰሪያ ይሰፋል፤ ከብብት በታች ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ወደ ጀርባ እየጠበበ ይሄዳል። በብብት በኩል ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ቆሞ ቢገባበት አይጠቀለልም። መንጠቆው የሱሪ ወገብ ላይ እንደሚገባው ትልቅ የብረት መንጠቆ ይሁን፣ ሁለት ወይም ሦስት በላይ በላዩ። ከመንጠቆው አጠገብ ደግሞ አንድ መርፌ ቁልፍ በለበስሽው ቁጥር ይገባል፣ ሁልጊዜ፣ መንጠቆው የቱንም ያህል ቢጠነክር።

ማንገቻው ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ሲሰፋም በካፑ የላይ ጫፍ ብቻ አይቁም፤ በገበሩ ስር እስከ ታችኛው ሽቦ ድረስ ወርዶ ከሽቦው ጋር ይያዝ። ጫፍ ላይ ብቻ የቆመ ማንገቻ ጨርቁን እየቀደደ ነው የሚሄደው፣ የሚቀደደውም እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ነው። በአንገት ዙሪያ የሚታሰረው ዓይነት ለፎቶ ያምራል፤ ሙሉ ጡት ላላት ዳንሰኛ ግን አይመከርም። ማሰሪያዎቹን ከአንገት አውርዶ ጀርባ ላይ በመስቀል አቋርጦ ከማሰሪያው ጋር ማያያዝ ክብደቱን ለሁለት ትከሻ ያካፍለዋል።

ስለሚንጠለጠለው የዶቃ ዘርፍ አንድ ነገር። በሻጭ ፎቶ ላይ የምትታየው ቀጭን ሞዴል ጡት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የዶቃ ዘርፍ ደስ ይላል። ሙሉ ጡት ላይ ግን ዘርፉ ከጡቱ ጫፍ ተነስቶ በአየር ላይ ይንጠለጠላል፣ ሆዱንም እንደ መጋረጃ ይሸፍነዋል። የሆድ ሞገድ ለዓመታት የተለማመደች ሴት ሥራዋ ከዘርፍ ጀርባ ሲጠፋ ያሳዝናል። ጡት ላይ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ወይም በመካከል ብቻ ረዘም ብሎ ወደ ጎን የሚያጥር። ረጅሙ ዘርፍ ቦታው ዳሌ ነው። የመስታወት ዶቃ ይከብዳል፣ ነገር ግን እንቅስቃሴን ይከተላል፤ የፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ ሲወዛወዝ ግን ይበተናል እንጂ አይወድቅም። ስትገዢ አንዱን ክር ጎትተሽ ሥሩን እይ፦ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ከተቋጠረ አንዱ ቢበጠስ አንዱ ብቻ ይሄዳል። በአንድ ረጅም ክር ወጥቶ ወርዶ የተሠራ ከሆነ አንዱ ሲበጠስ ጎረቤቶቹ ሁሉ ይከተሉታል።

ወደ ቀበቶው እንምጣ። ገዢዎች በብዛት የሚያማርሩበት እሱ ነውና። ቀበቶው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ቀጥ ብሎ እንደ ማስመሪያ ከተኛ ለሞላ ዳሌ አይሆንም። ዳሌ ወደ ታች የሚሰፋ ቅርጽ ነው፤ ቀጥ ያለ ቀበቶ በታችኛው ጠርዙ ሲጠብቅ በላይኛው ይላቀቃል፣ ዳሌ በተነሳ ቁጥርም ወደ ጠባቡ ቦታ፣ ወደ ወገብ፣ ይሸሻል። ከሁለት ዘፈን በኋላ እምብርት ላይ ደርሶ ታገኚዋለሽ። ትክክለኛው ቀበቶ ሲዘረጋ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፦ የላይኛው ጠርዝ አጭር፣ የታችኛው ረጅም። ከፊት ከሆድ ሥር ዝቅ ይላል፣ ከኋላ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፣ ከውስጥም ጠንካራ ጨርቅ ይዟል። ስፋቱ ከኋላ ሲያንስ መቀመጫውን ለሁለት ከፍሎ ያሳያል፣ ይሄ ማንንም አያምርበትም።

የሚሸሽን ቀበቶ ለመያዝ ከሁሉ የሚሻለው ከጉርዱ ጋር በእጅ መስፋት ነው። መስፋት ካልተፈለገ ከውስጥ በአራት ቦታ፣ ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎን፣ በመርፌ ቁልፍ ይያዝ። ቁልፉ ጉርዱን ብቻ ሳይሆን ከሥር የሚለበሰውን አጭር ሱሪም ቢይዝ ይመረጣል፤ ሱሪው በጭን ስለሚያዝ ወደ ላይ አይሄድም። መንጠቆው በአንድ ጎን ብቻ ካለ እና ልኩ ጥቂት ካነሰ፣ በሁለቱም ጎን ከፍቶ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ጨርቅ ማስገባት ይቻላል። በአንድ ጎን ብቻ ቢሰፋ ግን የፊት ጌጡ ከእምብርት መስመር ይወጣል።

ጉርዱ ብዙ አያወራም፣ ከሁለት ነገር በስተቀር። የመጀመሪያው የወገብ ላስቲክ ነው፦ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ከቀበቶው በላይ እጥፋት ይፈጥራል፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን ተኝቶ ይይዛል። ሁለተኛው የኋላው ርዝመት ነው። ከወገብ ተነስቶ መቀመጫን ዞሮ እስከ መሬት የሚወርደው መንገድ ከፊቱ ይረዝማል፤ ዙሪያው እኩል የተቆረጠ ጉርድ ስለዚህ ከኋላ ያጥራል፣ ተረከዝና ባት ያሳያል። ሲታዘዝ የፊትና የኋላ ርዝመት ለየብቻ ተለክቶ መሰጠት አለበት። የቺፎን ክሎሽ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ከመታጠፉ በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ተሰቅሎ ይቆይ፤ በሰያፍ የተቆረጠው ጎኑ በራሱ ክብደት ይወርዳልና።

በድላ ሲጠቃለል፦ በራስሽ ልክ ታዝዞ ከተሠራ ወይም ለማስተካከል ጊዜና ጥሩ ልብስ ሰፊ ካለ እጅግ ያምራል። ከመደርደሪያ ተገዝቶ በዚያው ሳምንት መድረክ ላይ የሚወጣ ልብስ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ሊክራ ከሚባለው ተለጣጭ ጨርቅ የሚሠራው ወጥ ልብስ ነው፤ ዳሌ ላይ ጠብቆ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ጉርድ፣ ቀበቶው ከጨርቁ ጋር ተሰፍቶ ያለቀ። ለሞላ ሰውነት ትልቅ ጥቅሙ የሚሸሽ ቀበቶ አለመኖሩ ነው። ችግሩ የጨርቁ ውፍረት ነው። ሊክራውን በሁለት እጅ ወጥረሽ ከሥሩ የእጅሽን መዳፍ አድርጊ። የመዳፍሽ መስመር ከታየ መድረክ ላይ የውስጥ ልብስሽም ይታያል፤ ጠባብ ልክ ሲገዛ ደግሞ ጨርቁ አስቀድሞ ስለተወጠረ ይብሳል። ድርብ የሆነ፣ ወይም ከዳሌ እስከ ጭን ገበር ያለው ይመረጥ። ሌላው ስንጥቁ ነው። እስከ ዳሌ የሚከፈት ስንጥቅ ቆማ ፎቶ ለምትነሳ ሞዴል ነው የተለካው፤ ቁጭ ስትይ ወይም በሰፊው ስትረግጪ ጨርቁ ወደ ውስጠኛው ጭን ይሄዳል። ስንጥቁን ከጉልበት በላይ አንድ ስንዝር ላይ አቁሞ ከዚያ በላይ ያለውን መድፈን ይቻላል፣ የልብሱም መልክ አይበላሽም። ጭን ለጭን መፋተግን የሚከለክል በቆዳ ቀለም የተሠራ አጭር ሱሪ ከሥሩ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። ዋጋ ያለው ልብስ ነው፣ በተለይ ቶሎ ቶሎ ለምትሠራ ዳንሰኛ።

ሦስተኛው የባላዲ ቀሚስ ነው፤ ከአራቱም ያለ ማመንታት የምንመክረው እሱን ነው። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ ሆኖ የሚወርድ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ስንጥቅ ያለው፣ ዳሌ ላይ ሻሽ ወይም ቀበቶ የሚታሰርበት። ሁለተኛ ምርጫ ወይም መደበቂያ አድርጎ የሚያየው ሰው አለ፤ ይሄ ስህተት ነው። ባላዲ ራሱን የቻለ የዳንስ ዘይቤ ነው፣ ፊፊ አብዶን የመሰለች ዳንሰኛ በነጭ ጀለቢያ ስትወጣ የጎደላት ነገር አልነበረም። ሞላ ያለ ዳሌ ከጨርቅ ሥር ሲንቀሳቀስ ከባዶ ቆዳ የበለጠ ይነበባል፤ ጨርቁ ንቅናቄውን ተቀብሎ እስከ ጠርዙ ያወርደዋልና።

በቀሚሱ ላይ የሚፈተሸው የጡት ቦታ ነው። ውስጡ የተሰፋ ካፕ ካለ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ጌጥ ነው እንጂ አይደግፍም፤ አውጥቶ በራስሽ ጥሩ ጡት መያዣ ላይ መልበስ ይሻላል። ቀሚሱ ከጡት በታች ካልጠበበ ከጡት ጫፍ ቀጥ ብሎ እንደ ድንኳን ይወርዳል፣ ወገብን ያጠፋል። ከጡት ሥር እስከ ዳሌ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ረጃጅም ማጥበቢያ ስፌት የገባበት መሆኑን አረጋግጪ። የክንድ ልክም አይረሳ፦ በላይኛው ክንድ የሚጠብቅ እጅጌ ክንድ ሲነሳ ቀሚሱን በሙሉ ይዞ ይነሳል። ከብብት ሥር ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ ማስገባት ይህን ይፈታዋል።

ከባላዲ ቀሚሶች ሁሉ የተለየው በአስዩት ጨርቅ የሚሠራው ነው። በላይኛው ግብፅ ባለችው በአስዩት ከተማ የተሰየመ መረብ ጨርቅ ሲሆን፣ ስስ የብረት ጥብጣብ በእጅ እየገባ እየታጠፈ ጌጥ ይሠራበታል። ከክብደቱ የተነሳ ሰውነትን ሳይጨምቅ ተከትሎ ይወርዳል፤ ሞላ ላለች ሴት ከዚህ የበለጠ የሚያከብር ጨርቅ ማግኘት ይከብዳል። መረብ ስለሆነ ከሥሩ ወጥ ቀለም ያለው ስስ ቀሚስ ይፈልጋል። ሲሰቀል ግን ይረዝማል፣ ሲረዝምም ይጠባል፤ ስለዚህ በመስቀያ ላይ አይቀመጥም፣ ተጠቅልሎ ነው የሚያድረው።

አራተኛው ‹‹ለሁሉም ልክ የሚሆን›› ተብሎ የሚሸጠው የሳንቲም ሻሽና የቺፎን ስብስብ ነው። ለሁሉም አይሆንም። የሚታሰረው ሻሽ ዳሌ ላይ ሲደርስ ለቋጠሮ የሚተርፍ ጨርቅ አይኖረውም፣ በጥፍር ተይዞ ይታሰራል፣ ይፈታል። ሻሹን ብቻ ለልምምድ መግዛት ይቻላል፤ ከዳሌ ልክሽ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ይኑረው። ከስብስቡ ጋር የሚመጣው ጡት መያዣ ለማንም አይሆንም።

ሆድን መሸፈን የግል ምርጫ ነው፣ ሙሉ ሆድ ራቁቱን ሲወዛወዝ ለዚህ ዳንስ እንግዳ አይደለም። በግብፅ ግን ደንቡ ዳንሰኞች ሆዳቸውን እንዲሸፍኑ ስለሚያስገድድ የመረብ ሸሚዝ ተለምዷል፤ ስፌት እንዳይጎረብጥ ወይም ቀበቶ እንዳይፍቅ የሚለብሱትም አሉ። ዓይነቱን መምረጥ ላይ ነው ጥንቃቄው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው መረብ በሙሉ ሆድ ላይ ሲወጠር ቆዳው በየቀዳዳው ብቅ እያለ አሻራ ያወጣል። ጥቅጥቅ ያለው ተለጣጭ መረብ ለስልሶ ይይዛል። ‹‹የቆዳ ቀለም›› ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ለነጣ ቆዳ የተቀባ ነው፤ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ በመድረክ መብራት አመድ ይመስላል። ከናይለን የተሠራ መረብ ቀለም በቀላሉ ይቀበላል፣ ስለዚህ ነክሮ ማጥቆር ይቻላል። ፖሊስተር ግን በተራ የቤት ቀለም እሺ አይልም።

ለማዘዝ ሲታሰብ የደረት፣ የወገብና የዳሌ ልክ ብቻ አይበቃም። ከጡት ሥር ያለው ዙሪያ፤ ጡት በሚደግፍ ጡት መያዣ ውስጥ ሆኖ በሰፊው ቦታ ያለው ዙሪያ፤ ከጡት ሥር መታጠፊያ ተነስቶ በጫፉ ላይ አልፎ እስከ ካፑ የላይ ጠርዝ ያለው ርዝመት፤ ቀበቶው የሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ፣ ቆመሽም ቁጭ ብለሽም፤ ሰፊው የዳሌ ዙሪያ፤ የላይኛው ክንድ፤ ከቀበቶው መስመር እስከ መሬት ከፊትና ከኋላ፣ በምትደንሺበት ጫማ ወይም በባዶ እግር። ሜትሩን ሌላ ሰው ይያዝ፤ ለራስ ሲለካ ጎንበስ ይባላል፣ ልኩም ይሳሳታል። ሻጩን ደግሞ የጡት መያዣውንና የቀበቶውን የውስጥ ፎቶ ጠይቂ። የውስጡን ለማሳየት የሚያንገራግር ሻጭ ጋር ገንዘብ ባይቀመጥ ይሻላል።

ልብሱ ሲደርስ፣ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ፣ ሙሉውን ልበሺና ሁለቱን እጅ ወደ ላይ አንሺ፤ የጡት መያዣው የታች ጠርዝ ከቦታው ከተነሳ ማሰሪያው ሰፍቷል። ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ ጎንበስ በይ። ቁጭ ብለሽ ተነሺ። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሺሚ ሥሪ፣ ሰዓት እያየሽ። ቀበቶው ከመጀመሪያው ቦታ ምን ያህል እንደሄደ በኖራ ወይም በሳሙና ቁራጭ ምልክት አድርገሽ ለኪ፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ ወይ ከጉርዱ ጋር በእጅ ይሰፋል ወይ ለሻጩ ይመለሳል።

ከዳንስ በኋላ ልብሱ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ አይታጎር። ገበሩ ወደ ላይ ሆኖ ሌሊቱን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይደር። ዶቃ የተሰፋበት ነገር ውኃ ውስጥ አይነከርም፤ ብብትና የጡት ሥር ያለው ገበር ብቻ በለሰለሰ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ተነቅሎ የሚታጠብ የላብ መምጠጫ ጨርቅ በብብት በኩል ቢሰፋ የጡት መያዣው ዕድሜ ይረዝማል። ዶቃ ያለበትን ልብስ መስቀልም አይገባም፣ ማንገቻው ይለጠጣል። ስታዝዢ ከልብሱ ጋር ግማሽ ሜትር ተመሳሳይ ጨርቅና አንድ እፍኝ ተመሳሳይ ዶቃ እንዲላክልሽ ተናገሪ፤ ሰውነት ሲጨምርም ሲቀንስም ጎኑ የሚከፈተውና የሚሞላው በዚያ ነው፣ ቀለሙም ከሌላ ጥቅል አይገኝም።